በረዶ ምን ያህል ይጠነክራል? በቤት ፍሪዘር የሚሠራ ልኬት፣ ከዝግጅት እስከ ስሌት

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈር ተማሪዎች ጋር የሳይንስ ክበብ አለን። ከምንሠራቸው ሙከራዎች ሁሉ ልጆቹ ደጋግመው የሚሳሳቱበት አንድ ነው፤ የበረዶን ጥንካሬ መለካት። አንዱ ሳይለካ ይቀልጥበታል። ሌላው በአንድ ናሙና ላይ አምስት ጊዜ ለክቶ አምስት የማይገናኝ ቁጥር ያመጣል። ሌላዋ ትክክል ሠርታ ሰዓቱን መጻፍ ትረሳለች። ሰዓት ያልተጻፈበት ልኬት ደግሞ ምንም አይነግረንም።

ይህን የጻፍኩት ቤታቸው ለሚሞክሩ ተማሪዎችና ለሚያግዟቸው መምህራን ነው። ሁለት ሌሊትና አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። አትቸኩሉ።

## መጀመሪያ ምን እንደምትለኩ ለዩ

በረዶ ስንል ብዙ ነገር እንቀላቅላለን። ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደውም፣ ከፍሪጅ የሚወጣውም፣ በስሜን ተራሮች አናት ላይ አልፎ አልፎ የሚነጣውም ስሙ አንድ ነው። እዚህ ሁለት ነገር እንለይ። እንደ ድንጋይ አንድ ሆኖ የረጋውን ድፍን በረዶ እንበለው። ከትናንሽ ፍሬዎች የተከመረውን ደግሞ ቅንጣት በረዶ እንበለው። በብርዳማ አገሮች እንደ ጥጥ የሚወርደው አመዳይ ከሁለተኛው ወገን ነው። እኛም የምንለካው ይህንኑ ወገን ነው።

የቅንጣት በረዶ ጥንካሬ ያለው ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው። የድንጋይ ግንብ አስቡ። ድንጋዩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሲሚንቶው ካልያዘ ግንቡ ይናዳል። በረዶ ግን ሲሚንቶውን ራሱ ይሠራል። ሁለት ቅንጣቶች ተነካክተው ሲቆዩ፣ ሳይቀልጡ፣ በመካከላቸው ቀጭን አንገት ይበቅላል። አንገቱ በየሰዓቱ እየወፈረ ይሄዳል። ትናንት በጣት የተበሳው ክምር ዛሬ እርሳስ የማያስገባው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሰዓትና ሙቀት የልኬቱ ግማሽ ናቸው። ቁጥሩን ብቻ ጽፎ እነሱን መተው አይቻልም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። መወጋትን መቋቋም አንድ ነው፣ መሰበርን መቋቋም ሌላ ነው። ሁለቱንም በአማርኛ ጥንካሬ ስለምንላቸው ልጆች ያምታቱባቸዋል። ደረጃ 5 እና 6 ስለ መወጋት ናቸው። ደረጃ 7 ስለ መሰበር ነው።

## ዝግጅት

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦

- ፍሪዘር ወይም የፍሪጅ በረዶ ቤት። የቤቱን ሰው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። አንድ መደርደሪያ ለሁለት ቀን የእናንተ ይሁን። በየደቂቃው የሚከፈት ፍሪዘር ሥራችሁን ያበላሻል።
- 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ። ቧንቧ ሠራተኛ ጋ ቁርጥራጭ አይጠፋም። እያንዳንዱ 10 ሳንቲሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች አስቆርጡ።
- የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን።
- ከዜሮ በታች የሚያነብ ቴርሞሜትር።
- ቀዳዳው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ ወንፊት።
- ማስመሪያ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ዱልዱም የጠረጴዛ ቢላ፣ የሱፍ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር።
- 60 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ፌሮ፣ እና በላዩ ላይ የሚንሸራተት ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን የብረት ቧንቧ ቁራጭ።
- 20 በ4 በ4 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት ረጃጅም ሣጥኖች፣ ከላሜራ ወይም ከእንጨት።
- ፌስታል፣ ፕላስተር፣ ትንሽ ባልዲ፣ ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ።

ፌሮውን ብየዳ ቤት ውሰዱት። ታችኛው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጥ። ከታች 30 ሳንቲሜትር ላይ ሮንዴላ ይበየድበት። ተንሸራታቹ ብረት ከላይ ወርዶ የሚመታው ሮንዴላውን ነው። ከሮንዴላው በላይ ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ነጻ ፌሮ ይቅር። ከተንሸራታቹ ብረት አናት 20 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ፌሮው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ከፌሮው ጫፍ የሚያልፍ ከሆነ ቁራጩን አሳጥሩት።

ቴርሞሜትር ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የትኩሳት መለኪያ አይሠራም። እሱ የሚያነበው ከ35 ዲግሪ ጀምሮ ነው። የወጥ ቤት ወይም የፍሪዘር ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ትክክለኛነቱን አረጋግጡ። አንድ ብርጭቆ በተፈጨ በረዶ ሙሉ፣ ጥቂት ውሃ ጨምሩ፣ 3 ደቂቃ አማስሉ። ዜሮ ማንበብ አለበት። 1 ካነበበ ከእያንዳንዱ ንባብ 1 ቀንሱ። በሚፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ እናስተካክል እንዳትሉ። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የበረዶ መቅለጫ ግን እዚህም ባሕር ዳርቻም ያው ዜሮ ነው። ለዚህ ሥራ የምትተማመኑበት በረዶውን ነው።

ማስጠንቀቂያ። የፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ የተጋገረውን በረዶ በቢላ ፈቅፍቃችሁ ለሙከራ አትጠቀሙ። ከግድግዳው ኋላ የጋዝ ቱቦ አለ። አንዴ ከተበሳ ፍሪጁ አለቀለት።

## ደረጃ 1፦ ድፍን በረዶ ሥሩ

1. 3 ሊትር ተኩል ንጹህ ውሃ በትናንሽ ኩባያዎችና በዝርግ ዕቃዎች አከፋፍሉ። ከ3 ሳንቲሜትር አይውፈር።
2. ዕቃውን አትሙሉት። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል።
3. አንድ ሙሉ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ይደር።

ሃይላንድ ሙሉ ውሃ የሚያስገቡ አሉ። ይረጋል፤ ግን ለመፍጨት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ በዚያ አንድ ሰዓት ደግሞ ይቀልጣል።

## ደረጃ 2፦ ፍጩና ንፉ

አንድ ሕግ አለ። በረዶውን የሚነካ ነገር ሁሉ ከበረዶው በፊት ይብረድ። ወንፊቱ፣ ቱቦዎቹ፣ ሣጥኖቹ፣ ማንኪያው፣ ፌሮው፣ ሁሉም ቢያንስ 30 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ይግቡ። ክፍል ውስጥ የዋለ ብረት የመጀመሪያውን ንክኪ ያቀልጣል። የቀለጠው መልሶ ይረጋና የሐሰት ጥንካሬ ይሰጣችኋል።

ሥራውን በጠዋት ጀምሩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ሱሉልታ ውጭው ራሱ እንደ ፍሪጅ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን በዚህ ከፍታ ጉልበቷ ኃይለኛ ስለሆነ ወደ ጥላ ግቡ።

1. መነጽር አድርጉ። የበረዶ ስብርባሪ ዓይን ይጎዳል።
2. ግማሽ ኪሎ ያህል በወፍራም ፌስታል ክተቱ፣ በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ በመዶሻ ወይም በዘነዘና ውቀጡ።
3. ከ3 ደቂቃ በላይ አትቆዩ። አላልቅ ካለ ወደ ፍሪዘር መልሱና ሌላውን ግማሽ ኪሎ አውጡ።
4. የወቀጣችሁትን በቀዝቃዛው ወንፊት ንፉ። ያለፈውን ዝርግ ዕቃ ላይ አድርጋችሁ ፍሪዘር አስገቡ። ያላለፈውን መልሳችሁ ውቀጡ።
5. ሁሉም ካለቀ በኋላ 30 ደቂቃ ይቀመጥ። በየ10 ደቂቃው በሹካ አገላብጡት። ካላገላበጣችሁት እርስ በርሱ መያያዝ ይጀምራልና የመነሻ ሰዓታችሁ ይጠፋል።

ብሌንደር ካላችሁ ይቻላል። ግን 3 ሰከንድ እያደረጋችሁ አቁሙት። ምላጩ ሲሽከረከር ስለሚሞቅ አዝልቃችሁ ከያዛችሁት ጭቃ መሳይ ነገር ታገኛላችሁ።

ሙቀጫን በተመለከተ የሆነውን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪያችን ናሙናዋ 24 ሰዓት ቆይቶም በጣት ይበሳ ነበር። የሌሎቹ እርሳስ አላስገባም ብሏል። «ቲቸር፣ የኔ በረዶ ታሟል» አለችኝ። ከሰዓት በላይ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ወንፊቱን ስንመረምር ቆየን። በመጨረሻ ሙቀጫውን አሸተትነው። ቤት ውስጥ ጨውና ቅመም የሚወቀጥበት ነበር። ጥቂት ጨው በቅንጣቶቹ ፊት ላይ ቀጭን ፈሳሽ ስለሚተው የሚያያዘው አንገት እንደሚገባው አይወፍርም። የቤት ሙቀጫ አትጠቀሙ። ብታጥቡትም እንጨቱ ጨው ይይዛል።

## ደረጃ 3፦ ሙሉና መዝኑ

1. እያንዳንዱን ባዶ ቱቦ ከታች በፌስታልና በፕላስተር ዝጉ። ክብደቱን ጻፉ። በላዩ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችሁ ምልክት አድርጉ።
2. በሦስት ድርብርብ ሙሉ። ከእያንዳንዱ ድርብ በኋላ ቱቦውን ከ2 ሳንቲሜትር ከፍታ 10 ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ጣል ጣል አድርጉ።
3. በእጅ አትጫኑ። የአንዱ ልጅ እጅ ከሌላው ይከብዳል። ጣል ጣል ማድረግ ግን ለሁሉም እኩል ነው።
4. ከላይ የተረፈውን በማስመሪያ ቁረጡ። መዝኑ። ሰዓቱን ጻፉ። ይህ ዜሮ ሰዓት ነው።
5. ሦስቱን ረጃጅም ሣጥኖች በፌስታል ሸፍናችሁ በዚያው መንገድ ሙሏቸው። ፌስታሉ በኋላ ሳይሰበር እንዲወጣ ያግዛችኋል።

አሁን እፍጋቱን አስሉ። የቱቦውን ውስጠኛ ወርድ በማስመሪያ ለኩ። ለምሳሌ 10.4 ሳንቲሜትር ከሆነ ግማሹ 5.2 ነው። 5.2 ሲባዛ በ5.2 ሲባዛ በ3.14 ወደ 85 ይመጣል። በቁመቱ በ10 ስታባዙት 850 ሴንቲሜትር ኩብ ይሆናል። የበረዶው ክብደት ብቻውን 467 ግራም ከሆነ፣ 467 ለ850 ሲካፈል 0.55 ነው። ይህ ማለት በሜትር ኩብ 550 ኪሎግራም ነው።

ይህ ቁጥር ስህተት ይይዝላችኋል። ድፍን በረዶ በሜትር ኩብ 917 ኪሎግራም ነው። ከዚያ በላይ ካመጣችሁ ስሌቱ ተሳስቷል ወይም ቱቦው ውስጥ ውሃ አለ። አዲስ የወረደ አመዳይ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ነው። ነፋስ የጠቀጠቀው ወደ 400 ይደርሳል። የእኛ ከእነዚህ አመዳዮች ከበድ ያለ ነው፤ የተሰባበረ ድፍን በረዶ ስለሆነ።

አራቱ ቱቦዎች በእፍጋት ከ5 በመቶ በላይ ከተለያዩ አፍስሳችሁ እንደገና ሙሏቸው። እፍጋታቸው የተለያየ ናሙናዎችን አወዳድሮ ጥንካሬው የጨመረው በሰዓት ነው ማለት አይቻልም።

## ደረጃ 4፦ አስቀምጡና ጠብቁ

ቱቦ ሀን ወዲያው ለኩ። ለን ከ1 ሰዓት በኋላ፣ ሐን ከ6 ሰዓት በኋላ፣ መን ከ24 ሰዓት በኋላ። አንድ ቱቦ አንዴ ብቻ ይለካል። ፌሮ የገባበት በረዶ ተሰባብሯል፣ ተጠቅጥቋል፣ ያ ናሙና ሥራው አልቋል። ያንኑ ቱቦ መልሶ መውጋት ከሁሉም በላይ የማየው ስህተት ነው።

የቱቦዎቹን አፍ በፌስታል ሸፍኑ። የፍሪዘር አየር ደረቅ ስለሆነ ያልተሸፈነ ፊት ቀስ በቀስ ይተናል።

የፍሪዘሩን ሙቀት በየልኬቱ ጻፉ። ከዜሮ በታች 18 እና ከዜሮ በታች 6 አንድ አይደሉም። ሁለት ነገር በተቃራኒ ይሠራል። ለዜሮ ሲቀርብ አንገቱ ቶሎ ይበቅላል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ በረዶው ራሱ ይጠነክራል። የጓደኛችሁ ፍሪዘር ከእናንተ የተለየ ከሆነ ውጤታችሁን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አትከራከሩ።

### መብራት ቢሄድ

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ያላችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት።

- ፍሪዘሩን አትክፈቱት። የሞላና የተዘጋ ፍሪዘር ለብዙ ሰዓት ይቆያል።
- አስቀድማችሁ ምስክር አስቀምጡ። አንድ ትንሽ ኩባያ ውሃ በረዶ እስኪሆን አርጉና በላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። እናንተ በሌላችሁበት መብራት ሄዶ ቢቀልጥ ሳንቲሙ ሰምጦ ታገኙታላችሁ። ከሰመጠ ናሙናው ሁሉ ይደፋ፣ ከደረጃ 1 ይጀመር።
- ረጅም ሰዓት ከሆነ ቱቦዎቹን በፌስታል አሽጋችሁ በባልዲ ውስጥ በበረዶና በጨው ክበቧቸው። በክብደት ሦስት እጅ በረዶ፣ አንድ እጅ ጨው። ይህ ድብልቅ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። በባዶ እጅ አትንኩት፣ ቆዳ ያቃጥላል። ጨዋማው ውሃ ወደ ናሙናው እንዳይገባ ፌስታሉን ሁለት አድርጉት።
- የጠፋበትን ሰዓትና የመጣበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። መብራት መጥፋቱ ያልተጻፈበት ንጹህ ደብተር ከእውነተኛ ደብተር አይበልጥም።

## ደረጃ 5፦ በእጅ መለካት

በአመዳይ የሚሠሩ ሰዎች ተራራ ላይ የሚጠቀሙበት ቀላል መንገድ ነው። ስድስት ደረጃ አለው። ከለስላሳው ጀምሮ፦ ጡጫ፣ አራት ጣት፣ አንድ ጣት፣ የእርሳስ ጫፍ፣ ቢላ፣ ምንም የማይገባበት ድፍን በረዶ። በተመሳሳይ ግፊት ትገፋላችሁ። መጀመሪያ የገባው ነገር ስሙን ይሰጠዋል።

ችግሩ ተመሳሳይ የሚለው ቃል ላይ ነው። ግፊቱ ከ10 እስከ 15 ኒውተን፣ በሚዛን ቋንቋ ከ1 እስከ 1 ኪሎ ተኩል መሆን አለበት። ልጆች ግን ካልገባ እያሉ ጉልበት ይጨምራሉ። ስለዚህ ወደ በረዶው ከመሄዳችሁ በፊት ሚዛኑ ላይ ተለማመዱ።

1. ጓንት አድርጉ። ባዶ ጣት ያቀልጣል።
2. ሚዛኑን በአንድ ጣት ተጫኑ፣ 1.2 ኪሎ ላይ አቁሙ። 20 ጊዜ ደጋግሙት። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑና ተጫኑ፤ ጓደኛችሁ ያንብብ። አምስት ጊዜ በተከታታይ ከ1 እስከ 1.5 ካመጣችሁ ዝግጁ ናችሁ።
3. በቱቦ ውስጥ ከአንድ ጣት ጀምሩ። ጡጫና አራት ጣት ለሰፊ ክምር ነው፤ በቱቦ ግድግዳው ያግዳችኋል።
4. ቀስ ብላችሁ ግፉ። አትውጉ። ካልገባ ወደ እርሳስ፣ ከዚያ ወደ ቢላ እለፉ።
5. በአንድ ቱቦ ላይ ወደ ዳር አድርጋችሁ ለኩ፣ የቀረውን ቦታ ለፌሮው ተዉት። ሁሉም ከ2 ደቂቃ በታች ይለቅ።

ቢላ የሚይዘው ትልቅ ሰው ይሁን። ቢላው ዱልዱም የጠረጴዛ ቢላ ነው፣ ወደ ታች ብቻ ይገፋል።

## ደረጃ 6፦ በፌሮ መለካት

የእጅ ልኬት ደረጃ ይሰጣል እንጂ ቁጥር አይሰጥም። ቁጥር የሚሰጠው ይህ ነው። ለአመዳይ በፋብሪካ የሚሠራው መሣሪያ 4 ሳንቲሜትር ወርድና 60 ዲግሪ ሹልነት ያለው ጫፍ አለው፣ መዶሻው 1 ኪሎ ነው። የእኛ ትንሹ ወንድሙ ነው። ጫፉ ስለሚለይ ቁጥራችሁን ከመጻሕፍት ቁጥር ጋር አታወዳድሩ። ሀን ከለ፣ ለን ከሐ ጋር ግን በደንብ ታወዳድራላችሁ።

1. ፌሮውን ከነሮንዴላው፣ ተንሸራታቹንም ለየብቻ መዝኑ።
2. ቱቦውን ወለል ላይ አቁሙ። ጫማ አድርጉ።
3. ቀዝቃዛውን ፌሮ በረዶው ላይ ቀጥ አድርጉ። ጓደኛችሁ ከላይኛው ጫፍ አጠገብ በሁለት ጣት ላላ አድርጎ ይያዝ። ጣቱ ከተንሸራታቹ በታች እንዳይሆን ተጠንቀቁ።
4. በራሱ ክብደት ምን ያህል እንደገባ ለኩ።
5. ተንሸራታቹን ምልክቱ ድረስ 20 ሳንቲሜትር አንሥታችሁ ልቀቁ። አትወርውሩት፤ ልቀቁት ብቻ።
6. ስንት ጊዜ እንደመታችሁና ምን ያህል ተጨማሪ እንደገባ ጻፉ። 7 ሳንቲሜትር ሲደርስ አቁሙ። ከዚያ በታች የምትለኩት ወለሉን ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የምቱን ብዛት በመውደቂያው ከፍታ፣ ከዚያ በተንሸራታቹ ክብደት አባዙ። በገባው ጥልቀት አካፍሉ። ውጤቱ ላይ የተንሸራታቹንና የፌሮውን ክብደት ደምሩ። ለምሳሌ 4 ምት፣ 20 ሳንቲሜትር፣ 0.5 ኪሎ፣ 5 ሳንቲሜትር ቢሆን፦ 4 ሲባዛ በ20 ሲባዛ በ0.5 እኩል 40 ነው። ለ5 ሲካፈል 8። ተንሸራታቹ 0.5፣ ፌሮው 0.6 ከሆነ በድምሩ 9.1 ኪሎ ይሆናል። በረዶው የመለሰው ግፊት ይህ ነው።

በአንድ ምት 7 ሳንቲሜትር ከሰመጠ ከፍታውን ወደ 5 ሳንቲሜትር ቀንሱ። 30 ምት ሰጥታችሁ 1 ሳንቲሜትር እንኳ ካልገባ አቁሙ፣ «ከመሣሪያው በላይ» ብላችሁ ጻፉ። ይህም ውጤት ነው።

## ደረጃ 7፦ መስበር

ይህ ከ24 ሰዓት በኋላ በሦስቱ ረጃጅም ናሙናዎች ይሠራል።

1. ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው በርጩማዎች በ16 ሳንቲሜትር ክፍተት አስቀምጡ። ወለሉ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ።
2. ናሙናውን ከሣጥኑ አውጥታችሁ በክፍተቱ ላይ አጋድሙት።
3. መካከሉ ላይ ሰፊውን የጨርቅ ቀበቶ አድርጉ፣ ባልዲውን አንጠልጥሉ። ባልዲው ከወለሉ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ይበል።
4. ውሃ በቀጭኑ፣ ሳታቋርጡ አፍስሱ። በ1 ደቂቃ አካባቢ እንዲሰበር ገምቱ።
5. ሲሰበር ባልዲውን ከነውሃውና ከነቀበቶው መዝኑ።

ቀጭን ገመድ አትጠቀሙ። ገመዱ ራሱ በረዶውን ይቆርጠውና የገመዱን ስለት ትለካላችሁ። ቀስ ብላችሁም ለ10 ደቂቃ አታፍስሱ። በረዶ በዝግታ ሲጫን ሳይሰበር ይለመጣል፣ በፍጥነት ሲጫን ደግሞ እንደ ብርጭቆ ቀጭ ይላል። የሁለቱ ቁጥር ይለያያል። ስለዚህ ሦስቱም ናሙናዎች በተቀራራቢ ጊዜ ይሰበሩ።

ስሌት። ክብደቱን በኪሎ በ9.8 አባዙ። በ3 አባዙ። በክፍተቱ በሜትር አባዙ። ይህን ያዙ። ከዚያ 2ን በናሙናው ወርድ፣ በከፍታው፣ እንደገና በከፍታው አባዙ፤ ሁሉም በሜትር። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። መልሱ ፓስካል ነው። ባልዲው 3 ኪሎ ቢሆን፣ ላይኛው 14.1፣ ታችኛው 0.000128 ነው። መልሱ ወደ 110,000 ፓስካል ይመጣል። ድፍን በረዶ ሲሳብ የሚበጠሰው ከ700,000 እስከ 3 ሚሊዮን ፓስካል ባለው ክልል ነው። ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ክፍተቱን ከሳንቲሜትር ወደ ሜትር መቀየር ረስታችኋል። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጥፋቱ እሱ ነው።

## በረዶ ከሰማይ ከወረደ

በበልግና በክረምት እንጦጦ ግርጌና ሱሉልታ ላይ ድንገት ይወርዳል። ልጆች ሮጠው ይወጣሉ። አይውጡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ይለፍ።

የወረደ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለና እርጥብ ነው። ሰዓት አይሰጣችሁም፤ በ15 ደቂቃ ጨርሱ። ከቆርቆሮ ጠርዝ ሥር የተከመረውን ፈልጉ። እዚያ ወፍራም ነው። በጡጫ ጀምሩ፣ ወደ አራት ጣት፣ ወደ አንድ ጣት ውረዱ። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጣት አያልፍም፤ ውሃው አንገቶቹን ያላላቸዋል።

ከዚያ ይህን አድርጉ። ከክምሩ ሁለት ቱቦ ሙሉ። አንዱን እንዳለ ፍሪዘር አስገቡ። ሌላውን ከመሙላታችሁ በፊት 10 ደቂቃ በወንፊት ውሃውን አንጠፍጥፉት። በማግስቱ ሁለቱንም በፌሮ ለኩ። ያልተንጠፈጠፈው ውሃው በቅንጣቶቹ መካከል ስለሚረጋ በጣም ይጠነክራል። ይህን ቁጥር ከተፈጨው በረዶ ቁጥር ጋር በአንድ መስመር አትጻፉት። አንዱ ደርቆ የተያያዘ ነው፣ ሌላው ቀልጦ የረጋ።

ከቆርቆሮ የወረደውን ልጆች እንዳይበሉት ንገሯቸው። ጣሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

## ውጤቱ ካልመጣ

ከ24 ሰዓት በኋላም ለስላሳ ነው። ጨው አለ ወይም ፍሪዘሩ ዜሮ አጠገብ ነው። ቴርሞሜትሩን ተመልከቱ፣ ዕቃዎቹን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ድገሙት።

ቱቦ ሀ ገና ሲለካ እርሳስ አያስገባም። ስትፈጩ ቀልጧል። የፈጫችሁት በረዶ ነጭና ደረቅ ሆኖ እንደ ስኳር መፍሰስ አለበት። እንደ እርጥብ ጨው ከተጣበቀ አትሙሉት፣ መልሱት።

ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ልል ነው። ፍሪዘሩ ተከፍቶ ላዩ ቀልጦ መልሶ ረግቷል። የላይኛውን 2 ሳንቲሜትር ቁጥር ለይታችሁ ጻፉ፣ ንጽጽሩን ከታች ባለው ላይ ሥሩ።

ፌሮው ዘንበል እያለ ይገባል። ውስጡ ያልተፈጨ ትልቅ ቁራጭ አለ። ያን ቱቦ ጣሉት፣ ወንፊቱ ተቀዶ እንደሆነ እዩ።

የ6 ሰዓቱ ከ24 ሰዓቱ በለጠ። መጀመሪያ የሁለቱን እፍጋት አወዳድሩ። እሱ እኩል ከሆነ በየልኬቱ የጻፋችሁትን ሙቀት ተመልከቱ። መ ሲለካ ፍሪዘሩ ሞቆ ከነበረ ምክንያቱ እዚያ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቁጥሩን ሳትቀይሩ ጻፉት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሁለት ቱቦ አድርጋችሁ ድገሙት።